ለአባዬ፣ ከጆንስተን ደሴት አካባቢ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ?

ባለፈው ስንደዋወል «ልጄ፣ ውሃ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» አልከኝና ሳልመልስልህ መስመሩ ተቋረጠ። ቅየሳ ነው የምሠራው፣ ልክ እንዳንተ። አንተ ጋራ ለጋራ በእግርህ ዞረህ ለካህ፣ እኔ መርከብ ላይ ተቀምጬ እለካለሁ፤ የእኔን ተራሮች ግን በዓይን ማየት አይቻልም።

ያለነው ጆንስተን የምትባል የኮራል ደሴት አካባቢ ነው። ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ናት፤ ከሃዋይዋ ከተማ ከሆኖሉሉ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ድሮ የአሜሪካ ጦር ሠፈር ነበረች፤ አሁን በብዛት ያሉባት የባሕር ወፎች ናቸው። ዙሪያዋን ባሕሩ 5,000 ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። ራስ ዳሸንን እዚያ ብናቆመው ጫፉ እንኳ ከውሃ አይወጣም።

የምንለካው በድምፅ ነው። ከመርከቡ ሥር ድምፅ ይላካል፣ ወለሉን መትቶ ይመለሳል፣ የፈጀበት ጊዜ ጥልቀቱን ይነግረናል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 4,500 ሜትር ወርዶ ለመመለስ 6 ሰከንድ ይፈጅበታል። ውሃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ግን ፍጥነቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ ሙቀቱን የሚለካ መሣሪያ ወደ ታች እንጥላለን፣ ካልሆነ ካርታው ይጣመማል። አንተም መሣሪያህን ሳታስተካክል አንድ ቁጥር አትጽፍም ነበር፣ ትዝ ይልሃል? መርከቡ እንደ በሬ ጥማድ ትልም በትልም ይመላለሳል። የሌሊት ተረኛ ስሆን፣ ከዚህ በፊት በሳተላይት ግምት ብቻ ይታወቅ የነበረ ተራራ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ቅርጽ ሲይዝ አያለሁ። እንቅልፌ ድራሹ ይጠፋል።

2017 ላይ እዚሁ አካባቢ ካሜራ የያዘ ሮቦት ከ2,000 ሜትር በታች ወርዶ የሰፍነግ ጫካ አገኘ። ሰፍነግ ወለሉ ላይ ተተክሎ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው፤ እነዚህኞቹ ረጃጅም አንገት አላቸው። ምግብ የሚያመጣላቸው የውሃው ጅረት ስለሆነ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል፣ ቅዳሴ ላይ ወደ ምሥራቅ እንደቆመ ሕዝብ። ቪዲዮውን ስመጣ አሳይሃለሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የእነዚህ ተራሮች ድንጋይ ኮባልት የሚባል ማዕድን ያለበት ቅርፊት ለብሷል፣ ኮባልት ደግሞ ለባትሪ ይፈለጋል። ቅርፊቱ በሚሊዮን ዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው የሚያድገው። አንዴ ከተፋቀ በቃ። እላዩ ላይ ምን እንደሚኖር ሳይታወቅ ማንም እንዲነካው አልፈልግም፤ በየቁጥሩ የምጨቃጨቀው ለዚህ ነው።

ስመለስ የመጀመሪያውን ካርታ በትልቁ አትሜ አመጣልሃለሁ። የከፍታ መስመሮቹን አንተ እይልኝ፣ ስህተት ካለ ሳትራራ ንገረኝ። መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ።

ልጅህ