የፔዳሉን ነገር ልብ በል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ሥራ እንደተለመደው ነው፤ ስለሱ ሌላ ቀን አወራሃለሁ። አሁን ስለ አሮጌው የናፍጣ መኪናህ ልጻፍልህ፣ የላክኸው የድምፅ መልእክት አሳስቦኛል።

«የፍሬን ሸራው አዲስ ነው፣ ፍሬኑ ግን አይዝም» ብለሃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀለል አድርገህ «ፔዳሉ ድንጋይ ሆኗል» አልክ። ዋናው ነገር እሱ ነው እኮ! ፍሬን ደከመ ሲባል ሁሉም ሰው ሸራ ቀይር ይላል። ሸራ በማለቁ ግን ፔዳል አይደርቅም። ፔዳሉ ለስለስ ብሎ ከገባ መስመሩ ውስጥ አየር ሊኖር ይችላል። ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ ከሰመጠና የሚያፈስ ቦታ ካጣህ፣ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ማስተር ሲሊንደር ጠርጥር። ደርቆ እምቢ ካለ ግን የእግርህን ጉልበት የሚያበረታው ሰርቮ እያገዘህ አይደለም።

ሰርቮው ኮፈኑን ስትከፍት ከፔዳሉ ትይዩ የምታየው ትልቅ ክብ ቆርቆሮ ነው። የሚሠራው በቫኪዩም፣ ማለትም አየር ተስቦ ሲወጣ በሚፈጠር የመሳብ ጉልበት ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ቫኪዩሙን ራሱ ይፈጥራል። የድሮ ናፍጣ ግን አየር ማስገቢያው ክፍት ስለሆነ ለብቻው ቫኪዩም ፓምፕ ይገጠምለታል፤ አንዳንዱ ላይ የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ (ካምሻፍቱ) ጫፍ፣ አንዳንዱ ላይ ዲናሞው ጀርባ። ፓምፑ ሲደክም ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የፍሬኑ እገዛ ግን ይጠፋል። ስለዚህ «የናፍጣ ፍሬን ድሮም እንዲህ ነው» ያለህን ሰው አትስማው።

አሁን ሜዳ ላይ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ። ሞተሩን አጥፍተህ ፔዳሉን እስኪደርቅ ደጋግመህ ርገጥ። እግርህን ሳታነሳ ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ንቅንቅ ካላለ ወይ ቫኪዩም አልደረሰውም፣ ወይ ሰርቮው ሞቷል።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ወደ ሰርቮው የሚገባውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ንቀለው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) እየሠራ ጫፉን በጣትህ ድፈነው። ጣትህን ጥርቅም አድርጎ ከሳበ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ሰርቮው ጋ ነው። ስትረግጥ እግርህ አካባቢ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ካለማቋረጥ ከሰማህ ደግሞ ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። የሚስበው በደካማው ከሆነ ግን ፓምፕ ለመግዛት አትሩጥ። ከዚሁ መስመር ወደ ቱርቦውና ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ ወደሚያስገባው ኢጂአር የሚሄዱ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በእርጅና ይሰነጠቃሉ፣ ቫኪዩሙንም ይበሉታል። አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ ብለህ ጨምቃቸው። አንዱን ስትዘጋ ጉልበቱ ከተመለሰ ሌባውን ያዝከው። ወፍራሙ ቱቦ ላይ ያለውን ቫልቭም ንፋበት፤ አየር ማሳለፍ ያለበት በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ጎማዎቹ ውረድ። ትንሽ ነድተህ ስትመለስ እጅህን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፣ እንዳትነካ ብቻ። ከፊት ሁለቱ አንዱ ከቀዘቀዘ እሱ አይሠራም፤ ሸራውን የሚጨብጠው ካሊፐር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ዘይቱን ግን ሳትመረምር ቀይረው። ያገለገለ መኪና ላይ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ዘይቱ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ይህ ዝቅተኛ መፍያው ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆንብሃል።

እስኪስተካከል ድረስ እማዬን ይዘህ እንዳትወጣ፣ አደራ። የመጀመሪያውን ሙከራ በቪዲዮ ቅረጽና ላክልኝ። ፔዳሉና እግርህ ይታዩኝ፣ ፊትህ ይቅርብኝ።

ወንድምህ