ተርቡን ሳናነሳ የሄድንበት ምክንያት፦ ለደንበኞቻችን

ደሴ፣ ጥቅምት

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ክረምቱ ወጥቶ ግቢያችሁ ሁሉ አበባ ሆኗል። ከመስከረም ወዲህ ግን ከሣር አጨዳውና ከአጥር ከርከማው በላይ የሚያስጠሩን ተርቦች ናቸው። ከደሴ ሰፈሮች ከሆጤም፣ ከቧንቧ ውሃም፣ ከኮምቦልቻም ደውላችሁልናል። መጥተን አንዳንዱን የተርብ ቤት አንስተናል። አንዳንዱን ደግሞ አይተን ሳንነካው ተመልሰናል።

ይህ ሁለት ደንበኞቻችንን ቅር አሰኝቷል። አንዲት እናት «ለማየቱማ ጎረቤቴም ያይልኝ ነበር» አሉን። እውነታቸውን ነው። ለምን እንደተውነው ቆመን አላስረዳናቸውም። መሽቶ ስለነበር ቸኩለን ወጣን። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። የዚያን ምሽት ልንነግራቸው የሚገባንን አሁን ለሁላችሁም እንጽፋለን።

ሥራውን የጀመርን ሰሞን እንዲህ አልነበርንም። ደንበኛ «አንሱልኝ» ካለ እናነሳ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ፍሊት ይዘን፣ መሰላል ደግፈን። አንድ ቀን ከእኛ አንዱ በቆርቆሮ ጠርዝ ሥር የተንጠለጠለ ቤት ላይ ፍሊቱን ነፋበት። ተርቦቹ ወዲያው አልሞቱም። ቀጥ ብለው ወደ ፊቱ መጡ። ፊቱን በሁለት እጁ ሲከልል መሰላሉን ለቀቀ። የተነደፈው አራት ቦታ ነው፤ እብጠቱ በሁለት ቀን ጎደለለት። እጁ ግን ተሰብሮ በጀሶ ከረመ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘዋል። ያኔ ተቀምጠን ተነጋገርን። የትኛው ቤት መነሳት አለበት? የትኛው ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ማየት ደንባችን ሆነ።

ስናይ ምንድን ነው የምናየው? አብዛኛውን ጊዜ የምታስጠሩን ለአንድ ዓይነት ቤት ነው። ከጣሪያ ጠርዝ፣ ከበሩ ጉበን፣ ከጌሾው ቅርንጫፍ፣ አንዳንዴም ከውሃ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሏል። ግራጫ ነው። ወደ ታች የተደፋች ትንሽ ጃንጥላ ይመስላል። ቀዳዳዎቹ ከሥር ወለል ብለው ይታያሉ። ይህ ቤት ወረቀት ነው። ያረጀ የእንጨት በር ወይም የአጥር አጣና ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ነጣ ነጣ ያሉ ጭረቶች ታገኛላችሁ። ተርቧ በአፏ ፍቃ የወሰደችው ነው። እንጨቱን ታላምጠዋለች፣ በምራቋ ትለውሰዋለች፣ ስስ አድርጋ ትለጥፈዋለች። ሲደርቅ ወረቀት ይሆናል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ስድስት ጎን አለው። በየቀዳዳው አንዳንድ እጭ ያድጋል።

እጮቹ የሚበሉት ሥጋ ነው። ይህን ልብ በሉልን፣ ነገራችን ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ትልልቆቹ ተርቦች የአበባ ወለላና ጣፋጭ ነገር ይጠጣሉ። ለልጆቻቸው ግን ከጎመናችሁ ላይ አባጨጓሬ ይለቅማሉ። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ጎመኑ መሐል ቁሙና እዩ። ተርቧ ቅጠል በቅጠል ትዞራለች። ከላይ ታያለች፣ ከሥር ታያለች። አባጨጓሬ ስታገኝ ትይዘዋለች፣ አድቅቃ ታድቦለቡለዋለች፣ ይዛው ትበራለች። ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች። ያንኑ አባጨጓሬ እኛ በመድኃኒት ስናጠፋ ትከፍሉናላችሁ። መድኃኒቱን ረጭተን ደግሞ ጎመኑን ቶሎ አትብሉ እንላችኋለን። እሷ የሠራችውን ጎመን ግን ዛሬውኑ ቀንጥሳችሁ ወጥ ታደርጉታላችሁ። ስለዚህ የጓሮው ጥግ ያለ፣ ማንም የማይደርስበት የተርብ ቤት ስናይ እጃችን ለማፍረስ አይነሳም።

ግድግዳ ላይ ወይም መስኮት ጥግ ጭቃ ለጥፋ የምትሄደዋ ሌላ ናት። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሸረሪት ነድፋ ታደነዝዝና ለእጯ ስንቅ አድርጋ ጭቃው ውስጥ ታሽገዋለች። ቤቴ ተነካ ብላ ተሰባስባ የምትመጣ አይደለችም። ለእሷ እኛን አትጥሩ። ጭቃውን በማንኪያ ፈቅፍቃችሁ ማንሳት ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ተርብ ሳይሆን ንብ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይምታታል። ንብ ጸጉራም ናት፣ ቡናማ ናት፣ ወገቧም እንደ ተርብ አልቀጠነም። ተርብ ስትበር ረጃጅም እግሮቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ንቦች ዛፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ካያችኋቸው መንጋው አዲስ ቤት ፍለጋ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይሄዳል። ልጆቹን አርቁና ተዉት። የአገራችን ንብ ከተነካ ብዙ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ከተርብ ይልቅ የምንፈራውም እሱን ነው። ኮርኒስ ውስጥ ወይም የዛፍ ግንድ ውስጥ ከገባ ንብ አናቢዎችን እናስጠራላችኋለን። በደስታ ወደ ቀፎ ይወስዱታል። መድኃኒት ግን አንረጭበትም። በዚህ ላይ ቃላችን አንድ ነው።

ታዲያ የትኛውን እናነሳለን? ሰው በሚመላለስበት ያለውን። የመግቢያ በር፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ሽንት ቤት፣ ሮቶው ሥር፣ ልጆች የሚጫወቱበት። የቆጣሪው ሳጥንም እንደዚሁ ነው፤ ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ሳያውቅ ከፍቶ ይነደፋል። ሰርግ ወይም ለቅሶ ኖሮ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አጠገብ ከሆነ ሳናወላውል እናነሳለን። ቤት ውስጥ ከዚህ በፊት ተነድፎ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለም የተርቡ ቤት የትም ይሁን እናነሳዋለን። ከዚህ ውጭ፣ ከመንገዱ ከአሥር እርምጃ በላይ ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለውን እንዲቀመጥ እንመክራለን። የመጨረሻው ውሳኔ የእናንተ ነው። ግቢው የእናንተ ነው።

የምናነሳው በምሽት ነው። ቀን አብዛኞቹ ተርቦች ሥራ ላይ ናቸው፤ ቤቱን ብታፈርሱት ከየሄዱበት ተመልሰው ያንኑ ቦታ ሲዞሩ ይውላሉ። ሲመሽ ሁሉም ቤታቸው ላይ ይሰፍራሉ። ብርዱም ያግዘናል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በጥቅምት አንድ አጥንት እንዲሉ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ እኛ እንኳ ጋቢ እንፈልጋለን። ተርብ የራሷን ሙቀት እንደ እኛ መያዝ ስለማትችል ትፈዛለች፣ መብረር ይከብዳታል። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንመጣለን። ኮምቦልቻ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ምሽቷም ሞቅ ያለ ነው። እዚያ ያላችሁ ደንበኞቻችን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በራችሁን ስናንኳኳ የምትሰሙት ለዚህ ነው። ጎረቤት እንዳይደነግጥ ማታ ንገሩልን።

ፍሊት ብዙም አንጠቀምም። ላርጎ በውሃ ወፈር አድርገን በጥብጠን በመርጫ እናርከፈክፋለን። ተርብ የምትተነፍሰው በጎንና በጎኗ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ተራ ውሃ ይንሸራተትላታል። የሳሙና ውሃ ግን ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ክንፏንም ያጣብቃል። ጎመናችሁ ላይ መርዝ አይቀርም። የእጅ ባትሪያችን ላይ ቀይ ፌስታል የምናስረው ተርብም ንብም ቀይ ብርሃን በደንብ ስለማይታያቸው ነው። ከዚያ ቤቱን ከነዘንጉ ፍቀን በከረጢት እንወስዳለን።

አሁን እባካችሁ የምንላችሁን። ችቦ አታድርጉበት። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ አትድፉበት። ከቆርቆሮው ሥር ያለው የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፤ ለአንዲት ተርብ ቤት ብለን ቤታችንን ማጣት የለብንም። ግድግዳ ውስጥ የገቡ ከሆነ ቀዳዳውን በሲሚንቶ አትድፈኑት። ሌላ መውጫ ይፈልጋሉ፤ ያ መውጫ መኝታ ቤታችሁ ሊሆን ይችላል። ልጆች በድንጋይና በወንጭፍ እንዳይመቱት አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ሁላችንም ልጅ ሆነን ሞክረነዋል፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ መንገር አይበቃም። የወደቀ ኮክ፣ ኮምቦልቻም ከሆነ የወደቀ ማንጎና ዘይቱን ቶሎ ልቀሙ። የለስላሳ ጠርሙስ ክፍት አታስቀምጡ፤ ልጅ ሳያይ ቢጠጣው አፉ ውስጥ ሊነደፍ ይችላል፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

የተነደፈ ሰው ካለ መጀመሪያ ከቦታው ራቁ። ተርብ መንደፊያዋ አይቀርም፣ ደጋግማ ትነድፋለች። የንብ ግን ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ቶሎ በጥፍር ፋቅ አድርጋችሁ አውጡት። ቦታውን በሳሙና እጠቡ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ያዙበት። ጣቱ ከሆነ ቀለበቱን ሳያብጥ አውልቁ። ጭቃ አትቀቡት፤ ቴታነስ ሊያስይዝ ይችላል። ለብዙው ሰው ሕመሙ በሰዓታት፣ እብጠቱ በቀናት ይጠፋል። ነገር ግን ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት ሁሉ ሽፍ ካለ፣ ወይም ሰውየው ካዞረውና ከወደቀ፣ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። በባጃጅም ይሁን በተገኘው ወደ ሆስፒታል ይሂድ። አድሬናሊን የሚባለው መርፌ በጊዜ ከደረሰ ሊያድነው ይችላል። አፉ ውስጥ የተነደፈ፣ ወይም ብዙ ቦታ የተነደፈ ልጅና አዛውንትም ምልክት ሳይጠብቅ ይሂድ።

ስትደውሉልን የተርቡ ቤት የት እንዳለ፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ንገሩን። ቤተሰቡ ውስጥ ከዚህ በፊት ተነድፎ የታመመ ካለ በመጀመሪያ እሱን ንገሩን። ፎቶ በቴሌግራም ብትልኩልን ጥሩ ነው፤ ጠጋ አትበሉ፣ ከሩቅ ሆናችሁ አጉሉት። መጥቶ ለማየት አናስከፍልም። አይተን ተዉት ካልናችሁም አናስከፍልም። የምትከፍሉት ካነሳን ብቻ ነው። ትተነው ከሄድን በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ወይም ቤቱ ቢያድግና ቢያሰጋችሁ፣ ደውሉ። አብሽሩ፣ እንመለሳለን።

ቅር ለተሰኙት ለሁለቱ ደንበኞቻችን፦ በዚህ ሳምንት ገና ሳይመሽ እንመጣለን። ቤቱን አብረን እናያለን፣ የምትጠይቁንን ሁሉ እንመልሳለን። ከዚያ «ይነሳ» ካላችሁ ማታውኑ እናነሳዋለን። እናታችን ደግሞ የዚያን ቀን ቡና ጀባ ሲሉን አንጠጣም ብለን ነበር የወጣነው። አሁን እስከ በረካው ተቀምጠን እንጠጣለን።

በአክብሮት፣
የግቢና የጓሮ እንክብካቤ ሠራተኞቻችሁ