የሰው ልብ አናነብም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን «ውሸታምን በዓይኑ የመለያ መንገዶች» ዓይነት ጽሑፍ በየቦታው በዝቷል። መሃሉ ላይ «ሥነ ልቦና እንደሚለው» የምትል ሐረግ አትጠፋም። እናንተም ጋ አንዴ አይቻታለሁ። እኔ ሳይኮሎጂ ተምሬ ባሕር ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት በአማካሪነት የምሠራ ሰው ነኝ። የዚያች ሐረግ ዕዳ የሚወርደው በእኛ ላይ ነው።

በቅርቡ ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ዋጋ ሳልነጋገር ገባሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሹፌሩ ወሬ ይወዳል፤ ምን እንደተማርኩ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ወዲያው መስታወቱን ወደ ላይ አዞረው። «ወንድሜ፣ እኔን እንዳታነበኝ!» ስንደርስ «ስንት ነው?» አልኩት። «አንተ ታውቀው የለ እንዴ!» ብሎ ሳቀብኝ። ባውቀው ኖሮ ያን ያህል ባልከፈልኩ።

አክስቴ ደግሞ ከዘጌ ስትመጣ ቡናዋንና ህልሟን ይዛ ነው የምትመጣው። አንድ ቀን ቶናው ላይ ስንደርስ «ጣና ሞልቶ እደጃፌ ድረስ ሲመጣ አየሁ፤ ምንድን ነው ልጄ?» አለችኝ። እንደማላውቅ ነገርኳት። ስኒዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ከረምክ?»

ስታትስቲክስ፣ አክስቴ።

ቀልዴን አይደለም። ሒሳብ ሸሽቶ ሳይኮሎጂ የሚገባ ብዙ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ግቢ ስገባ የሰውን ህልምና ድብቅ ሐሳብ በመተንተን የታወቀውን ፍሮይድን አንብቤ ሰው እመረምራለሁ ብዬ ነበር። ፍሮይድ ቶሎ አለቀ። ሰውዬውም ቢሆን የነርቭ ሐኪም ነበር። የቀረው ጊዜ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ናሙና መውሰድ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማስላት ሆነ። ከፖሊ ግቢ ሊጠይቀኝ የመጣ የኢንጂነሪንግ ጓደኛዬ አልጋዬ ላይ ያገኘውን ደብተር ገልጦ «ይኼ የኛ ነው የናንተ?» ያለኝ ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮርቻለሁ።

ነገሩ ከጥንስሱም መለካት ነበር። ዊልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመን ላይፕዚግ ውስጥ ቤተ ሙከራ ሲከፍት፣ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ሰው ድምፅ ሰምቶ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት መለካት ነበር።

ውሸትም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከ200 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ታትሟል። ሰዎች እውነቱንና ውሸቱን በትክክል የለዩት በአማካይ 54 በመቶ ላይ ብቻ ነው። ሳንቲም እየወረወሩ ቢገምቱ 50 ያገኙ ነበር። ውሸታም መያዝ ሥራቸው የሆነ ሰዎች፣ ፖሊሶችም ጭምር፣ ከሌላው ሰው ያን ያህል አልተሻሉም። እኛ አገር ደግሞ ልጅ ታላቁን ዓይን ዓይኑን እንዳያይ እየተነገረው ነው የሚያድገው። «ዓይን ዓይንህን የማያይህ ይዋሻል» በሚለው መለኪያ ከሄድን ግማሽ ጎጃም ውሸታም ሊሆን ነው።

ይኼን ሁሉ እያወቅሁ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተላከልኝ። ውጤቱ ወርዷል፣ ክፍል ውስጥ ያወራል፣ ፊቱን ያኮሳትራል። ገና ሳይቀመጥ «ቤት ውስጥ ጠብ አለ» ብዬ በልቤ ጨረስኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ እናትና አባቱ ስጠይቀው ከረምኩ። ልጁ ግራ ገብቶት ዝም። በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፈተና ፕሮግራም እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ተነስቶ ሄደ፣ ሄደ፤ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቆመ። ለካ ሰሌዳው አይታየውም! ረዥም ስለሆነ የኋላ ወንበር ደርሶታል። ወሬ ያልነውም ጎኑ ያለውን ልጅ «ምን ይላል?» እያለ ነው። መነጽር ተገዛለት። ዓይኑን ማጥበብ ሲያቆም ፊቱም ተፈታ። እናቱ ልታመሰግነኝ የመጣች ቀን መግቢያ ጠፋኝ።

«የእብድ ትምህርት» የሚሉንስ? ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ሐኪም የሆነ ሰው ነው፤ መድኃኒት ያዛል። እኔ አላዝም። ሰው ግን መንገድ ላይ አስቁሞ የእንቅልፍ ኪኒን ይጠይቀኛል። «ራሱ ችግር ቢኖርበት ነው የተማረው» ለሚሉ ደግሞ የጥርስ ሐኪማቸውን ጥርስ አይተው ይፍረዱ። «ሥራ የለውም» የሚለው ግን ግማሹ እውነት ነው። ተመርቄ አንድ ዓመት ያህል የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜያለሁ። ሳይኮሎጂስቱ ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል እያልኩ እጽናና ነበር፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልልኝም።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። «ሥነ ልቦና እንደሚለው» ስትሉ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ስንት ሰው አጥንቶ እንዳለው ጨምሩበት። ይኼ ካልተገኘ ሐረጓን ሰርዟት።

ከትምህርት ቤታችን ወጥታ አሁን ፍሬሽማን የጨረሰች ልጅ አለች። ሳይኮሎጂ ልትሞላ ነው፤ አባቷ አይሆንም ብለዋል። ሐሙስ ሊያነጋግሩኝ ይመጣሉ። ልጅቱም የሰው ልብ ማንበብ እንደምትማር ነው የምታስበው፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠርቻቸዋለሁ። የድሮውን የስታትስቲክስ ደብተሬን አቧራውን አራግፌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

አንድ የትምህርት ቤት አማካሪ
ከባሕር ዳር