ጉዳዩ፦ 21 ካራት ተብሎ የተመሰከረለት አምባር ውስጡ ብር ሆኖ ስለመገኘቱ

ለወርቅ ምርመራ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ፒያሳ ወርቅ እየሠራሁና እየገዛሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ደንበኛችሁ ከሆንኩ ዓመት አልፎኛል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሊሸጡልኝ ያመጡትን 42 ግራም አምባር ይዤ እናንተ ዘንድ መጣሁ። ሠራተኛችሁ ያቺን ሽጉጥ የመሰለች የኤክስሬይ መሣሪያ አንድ ቦታ ላይ ደገነበት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። "ወርቅ 87.4 በመቶ" የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠኝ። 21 ካራት 87.5 ስለሆነ ልቤ አረፈ። በ21 ካራት ሒሳብ ከፈልኳቸው።

ማታ ላቀልጠው ስቆርጠው ነጭ ነገር ብልጭ አለ። በሞረድ ገፋ አደረግኩት። ውስጡ ብር ነው! ወርቁ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከላይ የለበሰ ብቻ። ሴትየዋን አልጠረጥርም፤ ከእናታቸው የወረሱት ነው።

ስደውል "መሣሪያው ያለውን ነው የጻፍነው" አላችሁኝ። መሣሪያው ዋሽቷል አላልኩም። ኤክስሬይ ሲመታው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ጨረር መልሶ ይረጫል። የወርቅ ዋነኛው ጨረር ጉልበቱ 9.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ ወርቅ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ጥልቀት ታፍኖ ይቀራል። መሣሪያው ያየው ልጣጩን ነው፤ ያየውንም በትክክል ተናግሯል። ወረቀታችሁ ግን "የላይኛው ገጽ ንባብ" የሚል አንዲት ቃል የለውም፤ ስለ ሙሉው አምባር እንደመሰከረ ነው የሚነበበው።

አባቴ ወርቅ መፈተኛው ድንጋይ ላይ ከማሸቱ በፊት ሁልጊዜ አምባሩን በማይታይ በኩል በሞረድ ይጭረው ነበር። ኋላ ቀር ነው ብዬ ስቄበታለሁ።

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች እኮ የወርቁን ሁለት ጨረሮች ብርታት አነጻጽረው፣ ልባሱ በጣም ካልወፈረ "ቅብ ሊሆን ይችላል" ብለው ያስጠነቅቃሉ። የእናንተው ይህ የለውም ወይስ ተዘግቶ ነው? በጽሑፍ መልሱልኝ።

የምርመራውን ክፍያና በወርቁና በብሩ ዋጋ መካከል ያለውን ኪሳራዬን እንድትተኩ እጠይቃለሁ። ወፍራም ጌጥ ሲመጣ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ሞርዳችሁ ለኩ፤ አለዚያም አቅልጦ ወደሚፈትን ላኩት። የተቆረጠው አምባር ሱቄ ውስጥ ተቀምጧል፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ