ለየካ አባዶ ጎረቤቶቻችን

የእናታችን አርባ ባለፈው እሑድ ነበር። እስከዛሬ ቁጭ ብዬ ምስጋና ለመጻፍ አቅሙ አልነበረኝም። አሁን ልሞክር።

የኮንዶሚኒየም ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሰላምታ እንኳ የለውም ሲባል እሰማለሁ። እኛ ያየነው ሌላ ነው። እማዬ ያረፈች ሌሊት የጠራሁት አንድ ጎረቤት ብቻ ነው። ሳይነጋ ግቢው ሞላ። የእድራችን ሰዎች ድንኳን ተክለው፣ አግዳሚ ደርድረው ጠበቁን። እናቶች ንፍሮውንም እንጀራውንም ይዛችሁ ሦስት ቀን ሙሉ አልተለያችሁንም። ውሃ በጠፋበት ሰሞን ጀሪካን ተሸክማችሁ አራት ፎቅ የወጣችሁ ልጆች፣ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ብዙዎቻችሁ እማዬን የምታውቋት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ለልጆቻችሁ ተረት ስትነግር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር "እማማ ራዲዮ!" እያሉ በሯን ያንኳኩ ነበር። ስሙ ከየት እንደመጣ ለቅሶው ላይ ስትጠይቁኝ በወጉ አልመለስኩላችሁም።

እማዬ በ1960ዎቹ ራዲዮ ስትገባ በክፍሏ ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ጋዜጠኞች አንዷ የሆኑትን የሮማነወርቅ ካሳሁንን ድምፅ በልጅነቷ ሰምታ፣ "ለካ ሴትም እዚያ ትናገራለች" ብላ እንደነበር ደጋግማ አውግታናለች። ከባዱን መቅረጫ ይዛ በደብረ ብርሃን መንገድ መንዝ ድረስ ትሄድ ነበር። ከጣርማ በር ወዲያ በበቅሎ ነው። ከሽማግሌውም ከባልቴቷም ተረት ትቀዳለች። ስትመለስ ድምፁ የተቀዳበትን የቴፕ ክር በምላጭ እየቆረጠች፣ በፕላስተር እየቀጠለች ታሰናዳዋለች። ተረቱን የነገራትን ሰው ስምና አገር ሳትጠራ ግን አትጀምርም። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ከተከፈተ በኋላ የከተማ ልጆች አባባ ተስፋዬን አገኙ። እሷ ደግሞ "ቴሌቪዥን የሌለው ልጅስ?" ትል ነበር።

ያን ጊዜ ክር ውድ ነው። አንዱ ዝግጅት ከተላለፈ በኋላ እላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። የእሷም ድምፅ እንደዚያው ጠፋ። እኛ ቤት አንድም አልቀረም። ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ያንገበግባት ነበር።

በሠልስቱ ማታ የላዳ ሾፌሩ ጎረቤታችን መጣ። አባቱ ድሮ ከራዲዮ የቀዱትን ካሴት ይዟል። ክሩ ተጠላልፎ ወጥቷል። ድንኳኑ ውስጥ፣ በሻማ ብርሃን፣ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ እያለ ጠቀለለው። አንዴ ታጠፈበት። በጥፍሩ አቃንቶ እንደገና ጀመረ። ከዚያ ላዳዋን ወደ ድንኳኑ አስጠግቶ፣ ካሴቱን በመኪናዋ ቴፕ ከፍቶ፣ አራቱንም በር ከፈተው።

መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ብቻ ነበር። ከዚያ እማዬ በወጣትነት ድምጿ "ተረት ተረት" አለች።

ሰው ሁሉ ፀጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ግን እንደለመዱት በአንድ አፍ "የላም በረት!" ብለው መለሱላት። እኔ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያለቀስኩት።

ወንድማችን "ካሴቱ የናንተ ነው" ብሎን ሄደ። ምን ብዬ እንደማመሰግነው እስካሁን አላገኘሁም። ልጄ ስልክ ላይ ገልብጣዋለች። የምትፈልጉ ሁሉ እቤት ብቅ በሉ፣ ቡና አፍልተን፣ ቅጂውን በስልካችሁ እንልክላችኋለን።