መጽሐፉ ቤታችሁ ሊያድር ነው

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የተረት መጽሐፍ ወደ ቤት ስለመውሰዳቸው

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህ ደብዳቤ የክፍያም የዩኒፎርምም አይደለም፤ ሳትደነግጡ አንብቡት።

መጀመሪያ ጥፋታችንን ልናገር። የተረት መጻሕፍታችንን ለረጅም ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈንባቸው ኖረናል። ይጠፋሉ፣ ይቀደዳሉ፣ ወጥ ይፈስባቸዋል ብለን ነው። እውነትም አንድ አልጠፋም፣ አንድ አልተቀደደም። ያነበባቸውም የለም። በቆጠራ ጊዜ ንብረት ክፍላችን ደስ ይለዋል፤ ልጆቹ ግን ሽፋናቸውን በመስታወት ከማየት አላለፉም።

ከመጪው ዓርብ ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ ይዞላችሁ ይመጣል። ረቡዕ ይመልሳል።

ከእናንተ የምንፈልገው ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ ቁጭ ብላችሁ እንድትሰሙት ነው። 10 ደቂቃ ይበቃል። ቡና እየተቆላም ቢሆን፣ ሽንኩርት እየተከተፈም ቢሆን ችግር የለም።

«እኔ ያልተማርኩ ሰው፣ ምኑን አግዘዋለሁ?» የሚሉን ወላጆች አሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። 33ቱ ፊደላት በ7 በ7 ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጁ ይህን ሁሉ ለይቶ ከጨረሰም በኋላ ገና አንድ ነገር ይቀረዋል። የቱ ጠብቆ፣ የቱ ላልቶ እንደሚነበብ ጽሑፉ ላይ አይታይም። «ዋና»ን ውሰዱ። «ና» ስትላላ ጣና ላይ የምንዋኘው ነው፤ ስትጠብቅ ደግሞ «ዋናው በር»፣ «ዋናው መንገድ» የምንለው። «ገና»ም እንደዚያው ነው፤ ላልቶ «ገና አልመጣም» ይሆናል፣ ጠብቆ በዓሉ። ልጁ ብቻውን ድምፁን ሳያሰማ ቢያነብ ተሳስቶ ያልፋል፣ ማንም አያውቅበትም። ጮክ ብሎ ካነበበ ግን ፊደል ያልቆጠረች እናት ሳትቀር «ኧረ እንዲህ አይባልም!» ትለዋለች። ለዚህ አማርኛ የለመደ ጆሮ ይበቃል። እሱ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ቤት አለ።

ብቻ ስታርሙት አትቆጡት። አንድ ሁለቴ የተቆጡት ልጅ መጽሐፍ ሲያይ መሸሽ ይጀምራል። ገጹን ከመግለጡ በፊት «ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከመጽሐፉ ቢለይ ይለይ፤ አንዳንዴ የልጁ ይበልጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ይኼ ነው። ካሉን መጻሕፍት ብዙዎቹ ውስጥ በረዶና ድብ አለ። የእኛ ልጆች የሚያውቁት ከሐይቁ ብቅ የሚለውን ጉማሬ ነው። ስለ ድብ ማንበብ ክፋት የለውም፣ እኔም ድብ እወዳለሁ። ነገር ግን ታንኳ ያለበት መጽሐፍ ብንፈልግ ከመደርደሪያችን አንድም አጣን። ከጣና ዳር ሆኖ ይህ ያሳፍራል።

ስለዚህ ራሳችን ልንሠራው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ግቢያችን ክፍት ነው። ታንኳ የምትሠሩ አባቶች ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር፣ ታንኳው ከውኃ ሲወጣ ለምን ቆሞ እንደሚደርቅ ንገሩልን። ዓሣ የምትሸጡ ቀረሶና አምባዛ በምን እንደሚለዩ ንገሩን። ዘጌ ቡና የለቀመ ሰው ካለ እሱም ይምጣ። አያቶች ደግሞ ተረታችሁን ይዛችሁ ኑ። «ተረት ተረት» ስትሉ «የላም በረት!» የሚል ግቢ ሙሉ ሕፃን ይጠብቃችኋል። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ለምትሉም ዳቦ ይኖራል። እዚህ ላይ ቃሌን እጠብቃለሁ።

ልጆቹ የሰሙትን ይጽፋሉ፣ ሥዕል ይሥሉበታል። መምህራን በካርቶን ሽፋን፣ በመርፌና ክር ይጠርዙታል። የነገረን ሰው ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፋል። ከዚያ እንደ ሌላው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ገብቶ በተራው ዓርብ ዓርብ ወደየቤቱ ይሄዳል።

መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ አትደብቁን። ቅጣት የለም፤ ልጁ ራሱ መጥቶ ይንገረን። ሕፃን ወንድም ወይም እህት ካለ ግን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ዝናብ ሲሆን ፌስታል ውስጥ ይደረግ። በባጃጅ የሚመላለሱ ልጆች ወላጆችም ከመውረዳቸው በፊት ወንበሩን ዞር ብለው እንዲያዩ ንገሯቸው። ሹራብ እዚያ ቀርቶብን ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ