ይህ ሶፍትዌር ከየት መጣ? ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባሉት የሊኑክስ ሥርጭቶች ባለባቸው ዴስክቶፖችና ሰርቨሮች ላይ ሶፍትዌር ራሳችሁ ለምትጭኑ ሁሉ ነው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል፤ ተርሚናሉ ላይ ግን እንደተለመደው በላቲን ፊደል ነው የሚተየቡት።

ከመጫናችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህን ሶፍትዌር የሰጠኝ ማን ነው፣ ወደፊትስ የሚያድስልኝ ማን ነው? ሊኑክስ ላይ አንድን ፕሮግራም የማስገቢያ መንገዱ ብዙ ነው፤ በተጫነበት ዕለት ሁሉም ይሠራል። ልዩነቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ሲስተሙ ሲታደስ ነው። የእነዚህ ሲስተሞች የሶፍትዌር መጫኛ የሆነው አፕት የማያውቀውን ፋይል ማደስም፣ ማስወገድም፣ ከሌላ ጋር መጋጨቱን ማየትም አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሲስተሙን የራሱን የፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ የሶፍትዌር ጥቅል) ማከማቻ ፈትሹ። «አፕት ሰርች» ብላችሁ ስሙን ፈልጉ። «አፕት ፖሊሲ» ብላችሁ የፓኬጁን ስም ስታስከትሉ ደግሞ የትኛው ስሪት ከየትኛው ማከማቻ እንደሚመጣ ያሳያችኋል። ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» («ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል)፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል»። አፕዴት የፓኬጆቹን ዝርዝር ብቻ ያድሳል እንጂ ምንም አይጭንም፤ የተጫኑትን የሚያሳድገው «አፕግሬድ» ነው። አፕዴት ሳታደርጉ ስትጭኑ «404» የሚል ስህተት ቢመጣ፣ ማሽናችሁ በአሮጌ ዝርዝር የሚጠይቀው ፋይል በአዲስ ተተክቶ ከማከማቻው ስለተነሣ ነው። አፕዴቱ ራሱ በየመስመሩ 404 ካመጣ ግን የሲስተሙ ስሪት የድጋፍ ዘመኑ አልፎበት ማከማቻው ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ ማሽን ላይ ምንም ከመጫን በፊት ወደ አዲስ ስሪት ማሻገር ይቀድማል።

አፕት «ልቀጥል?» ብሎ ሲጠይቅ በፍጥነት «ዋይ» አትጫኑ። ከጥያቄው በላይ ያለውን ጽሑፍ፣ በተለይም የሚወገዱ ፓኬጆችን የሚዘረዝረውን መስመር አንብቡ። ትንሽ መሣሪያ ልትጭኑ ፈልጋችሁ ዳታቤዛችሁ ወይም የዴስክቶፑ ዋና ፓኬጅ በሚወገዱት ውስጥ ከተቆጠረ «ኤን» ብላችሁ ውጡ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ትእዛዙ ላይ «ሰረዝ ኤስ» ጨምሩበት፤ ምንም ሳይነካ የሚያደርገውን ብቻ ይነግራችኋል። ሰርቨር ላይ ይህን ልማድ ብታደርጉት በጣም ደስ ይለናል።

«ማከማቻው የሚሰጠን አሮጌ ስሪት ነው» የሚለው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን መታወቅ አለበት። ዴቢያን 12 ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ በ15ኛው ስሪት፣ ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ በ16ኛው ነው ይዘው የወጡት፤ እስከ ዘመናቸው መጨረሻም በዚያው ይቆያሉ። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ጠጋኙ ኮድ በያዙት ስሪት ላይ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ከስሪቱ ኋላ ያለው የፓኬጁ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የስሪቱን የፊት ቁጥር ብቻ እያየ «ይህ ሰርቨር ተጋልጧል» የሚል የፍተሻ ሪፖርት ሲደርሳችሁ ወዲያው አትደንግጡ፤ የፓኬጁን ሙሉ ቁጥር ከሥርጭቱ የደኅንነት ማስታወቂያ ጋር አስተያዩት። አዲስ መሆን ሁልጊዜ ደኅንነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር (ሰርጎ መግቢያ) ሲገኝ፣ የተጎዱት አዲስ ስሪት ቶሎ የሚያስገቡት የሙከራ ቅርንጫፎች ነበሩ። በወቅቱ የተረጋጋው ቅርንጫፍ ዴቢያን 12 በ5.4 ላይ ስለነበር አልነካውም።

በእርግጥ አዲሱ ስሪት ግድ ሲሆን የአምራቹን የራሱን የአፕት ማከማቻ መጨመር ይቻላል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። የፊርማ ቁልፉን /ኢቲሲ/አፕት/ኪይሪንግስ ውስጥ አስቀምጡና የማከማቻው መስመር ላይ «ሳይንድ-ባይ» ብላችሁ ከዚያ ቁልፍ ጋር ብቻ እሰሩት፤ በአሮጌው «አፕት-ኪይ» የገባ ቁልፍ በሁሉም ማከማቻ ላይ የሚታመን ስለሆነ አንዱ ሲሰረቅ ሁሉም ይጋለጣል። ሁለተኛ፣ የማከማቻው የስሪት ስም ከእናንተ ሲስተም ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የኡቡንቱን ማከማቻ ዴቢያን ላይ፣ የሙከራውን ቅርንጫፍ በተረጋጋው ላይ መቀላቀል አንድ ፕሮግራም ብቻ አያመጣም፤ እሱ የሚፈልገውን የሲ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት መሠረታዊ ኮድ) ጎትቶ ያስገባል፣ በዚያ ላይብረሪ ላይ ደግሞ ማሽኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል ተደግፎ ነው የቆመው። ወደኋላ መመለሱ እጅግ አድካሚ ነው። ሦስተኛ፣ የማትጠቀሙበትን ማከማቻ አውጡት።

ነጠላ የዴብ ፋይል (በፋይል መልክ ያለ ፓኬጅ) ካወረዳችሁ «ዲፒኬጂ ሰረዝ አይ» ከማለት ይልቅ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ ነጥብና ስላሽ ከፋይሉ ስም ፊት አድርጉ። አፕት ከሥሩ የሚጠቀምበት መሣሪያ ዲፒኬጂ ፓኬጁ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች አያመጣም፤ አፕት ያመጣል። ነጥቡና ስላሹ ከተረሱ አፕት ስሙን ማከማቻ ውስጥ ፈልጎ «የለም» ይላችኋል። ፋይሉ ሲጫን የአምራቹን ማከማቻ አብሮ ካልጨመረ ደግሞ እድሳት አይመጣለትም፤ መከታተሉ የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ከድረ ገጽ የወረደ ስክሪፕትን በአንድ መስመር በቀጥታ ወደ «ሱዶ ባሽ» (ትእዛዞችን ወደሚያስኬደው ፕሮግራም) የሚያስገባውን ትእዛዝ ሰርቨር ላይ አትጠቀሙ። ያልታየ ጽሑፍን በሙሉ ሥልጣን ማስኬድ ነው። መጀመሪያ ወደ ፋይል አውርዱት፣ አንብቡት፣ ምን እንደሚጨምርና የት እንደሚያስቀምጥ ካወቃችሁ በኋላ አስኪዱት።

ፓይተን ለምትጠቀሙ፦ በዴቢያን 12 እና በኡቡንቱ 24.04 ላይ «ፒፕ ኢንስቶል» (ፒፕ የፓይተን የራሱ ጫኚ ነው) ስትሉ አካባቢው በውጭ የሚተዳደር ነው የሚል መልእክት ይመጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጥበቃ ነው። ብዙዎቹ የሲስተሙ መሣሪያዎች በዚያው ፓይተን ላይ የተጻፉ ስለሆኑ ፒፕ አንድ ላይብረሪ ቢቀይር እነሱ ሊወድቁ ይችላሉ። ጥበቃውን የሚሽረውን አማራጭ አትጨምሩ። «ፓይተን3-ቬንቭ» የተባለውን ፓኬጅ በአፕት ጫኑ፣ «ፓይተን3 ሰረዝ ኤም ቬንቭ» ብላችሁ ለፕሮጀክቱ የራሱን ማውጫ ፍጠሩ፣ ከዚያም ማውጫው ውስጥ ባለው ፒፕ ጫኑ። ሲያስፈልግ ማውጫውን ብትሰርዙት ሲስተሙ አይነካም።

ከአፕት የተለዩት የመጫኛ መንገዶች ስናፕና ፍላትፓክ ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ጥሩ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸውን ላይብረሪ አብዛኛውን ይዘው ስለሚመጡ ዲስክ ይበላሉ እንጂ ሲስተሙን አያናጉም። ስናፕ ግን ሳይጠይቅ ራሱን ያድሳል፣ በቀን አራት ጊዜም ይፈትሻል። ለዳታቤዝ ሰርቨር ይህን አንመክርም።

አሁን ወደሚያስቸግሩት እንምጣ። «ቁልፉን ማግኘት አልተቻለም» የሚለው ስህተት የፊርማ ቁልፉን ሳይሆን «ሎክ» የሚባለውን መቆለፊያ ነው የሚመለከተው፤ ሌላ ሥራ አፕትን ይዞታል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከበስተጀርባ የሚሄደው አውቶማቲክ የደኅንነት እድሳት ነው። ታገሱት። የመቆለፊያውን ፋይል መሰረዝ በብዙ ቦታ ይመከራል፤ እኛ አጥብቀን እንከለክላለን፣ ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ የፓኬጁን መዝገብ እንዲጽፉ ይከፍታልና። መብራት ጠፍቶ ወይም መስመር ተቋርጦ መጫኑ ከመሀል ከቆመ «ሱዶ ዲፒኬጂ ድርብ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ድርብ ሰረዝ ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» በሉ፤ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከሩቅ ሆናችሁ ሰርቨር ስታድሱ «ቲመክስ» (የተርሚናል ሥራን ሰርቨሩ ላይ የሚያቆይ ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ አድሱ፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ሥራው አይቋረጥም።

የማከማቻው ሪሊዝ ፋይል «ገና አልጸናም» የሚል መልእክት ካያችሁ የማሽኑን ሰዓት ተመልከቱ፤ ወደኋላ ቀርቶ ይሆናል። የማስነሻ ፋይሎች የሚቀመጡበት /ቡት ሞልቶ አዲስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አልገባ ካለ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» አሮጌዎቹን ያነሣል፤ የከርነል ፋይሎችን በእጃችሁ አትሰርዙ። እድሳት ላይ «የማዋቀሪያ ፋይሉን ልተካው?» ሲባል የተለወጠው በእናንተ እጅ ከሆነ ነባሩን ማቆየት ይሻላል፤ አዲሱ መጨረሻው ላይ «ዲፒኬጂ-ዲስት» የሚል ስም ተሰጥቶት ጎኑ ይቀመጣል፣ በኋላ አስተያዩአቸው። ላይብረሪ ሲታደስ እየሠራ ያለው አገልግሎት አሮጌውን በማስታወሻው ይዞ ይቀጥላል፣ አገልግሎቱ ዳግም እስኪነሣ ድረስ ጠጋኙ አይጠብቀውም። /ቫር/ራን/ሪቡት-ሪኳየርድ የሚል ፋይል ካለ ማሽኑ ዳግም መነሣት አለበት።

ስታራግፉ «ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ያወጣና ማዋቀሪያውን ይተዋል፤ «ፐርጅ» ማዋቀሪያውንም ያጠፋል። ዳታቤዝ ላይ ፐርጅ መረጃውን ጭምር ሊያጠፋ ስለሚችል መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ያዙ፣ ቅጂው እንደሚከፈትም ሞክሩት።

በሬድ ሃት ቤተሰብ ሲስተም የምትሠሩ በአፕት ፋንታ ዲኤንኤፍን ትጠቀማላችሁ፤ ስለ ማከማቻ ያልነው ሁሉ ለእናንተም ይሠራል። የተሳሳተን ጭነት በቁጥሩ የሚቀለብሰው «ዲኤንኤፍ ሂስትሪ አንዱ» ትልቅ ጥቅም አለው፤ በዴቢያን 12 እና በኡቡንቱ 24.04 አፕት ውስጥ ይህ የለም።

አንድ ነገር ተበላሽቶ ስትጽፉልን የስህተቱን መልእክት ሙሉውን ቅዱልን፣ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከላይ ነው ያለው። /ቫር/ሎግ/አፕት/ሂስትሪ.ሎግ የተባለውን ፋይልና የ«አፕት ፖሊሲ»ን ውጤት አያይዙ። ከአፕት ውጭ በሌላ መንገድ የገባ ነገር ካለም ንገሩን፤ መዝገቡ ውስጥ ስለማይገኝ ከእናንተ በቀር የሚነግረን የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል